ቧንቧው እስኪቀዘቅዝ

«ክፈተው!» አሉ የመብራት ቤቱ ኃላፊ አቶ ነገራ፣ የጆንያውን ክምር በከዘራቸው ጫፍ እየወጉ። «ብረት መሆኑን ረሳኸው እንዴ? አራስ አስመሰልከው እኮ!»

በያጁ ዳዲ ጆንያውን ይበልጥ አጠበቀበት። ከጆንያው ሥር አመድ፣ ከአመዱ ሥር ደግሞ ትናንት አመሻሽ ላይ በቤንዚን በሚሠራ መበየጃ የበየደው የእንፋሎት ቧንቧ አለ። የመቱ ከተማን መብራት የሚያመነጨው ሞተር ከቦይለሩ እንፋሎት የሚደርሰው በዚህ ቧንቧ ብቻ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ወዲህ ከተማው በኩራዝ ነው የሚያመሸው።

ሁለት ጊዜ በይዶት ሁለቴም ከድቶታል። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ብረት በየደው፤ ገና ሲበርድ ከብየዳው አጠገብ ተተረተረ። ሁለተኛው ላይ ላዩን አምሮ ነበር። እንፋሎት ሲለቀቅበት ግን ፈንድቶ የእሳት አንዳጁን የጋሼ ኢቲቻን ክንድ ላጠው። ለካ ቧንቧው ተራ ብረት አይደለም፤ ኃይለኛ ሙቀት እንዲችል ክሮምና ሌላም ሌላም የተቀላቀለበት ነው። ድንገት ሞቆ ድንገት ከቀዘቀዘ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ዳዲ ይህን አሁን ያውቃል። ያወቀው ግን በሰው ቆዳ ነው፤ እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

በዚህኛው ዙር ያላደረገው የለም። ክረምቱ ያረጠባቸውን ኤሌክትሮዶች፣ የብየዳ ዘንጎቹን፣ እትዬ መንበረ ዳቦ ቤት ወስዶ ምድጃው ውስጥ አደረቃቸው። «ዳቦዬ ብረት ብረት ቢሸት ደንበኞቼን የምታባብለው አንተ ነህ!» እያሉም ቢሆን ፈቀዱለት። ከመበየዱ በፊት ቧንቧውን ዙሪያውን በከሰል አሞቀው፤ እየበየደም ከሰሉ እንዲጠፋ አልፈቀደም። ሲጨርስ በትኩስ አመድ ቀበረው፤ ነፋስ እንዳያገኘው የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፈ። አሁን የቀረው መጠበቅ ነበር። ለመጠበቅ ግን ፋታ የሚሰጠው አላገኘም።

«ዛሬ የጃንሆይ ልደት ነው» አሉ አቶ ነገራ። «ባለሥልጣኖቹ ከጎሬ ተነሥተዋል። አደባባዩ ላይ አምፖል የተደረደረበት ቅስት አቁመናል። መብራቱ የታለ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? አመድ ውስጥ ነው ልበል?»

«ገና ነው ጌታዬ። እጅ ሲነካው ይፋጃል።»

«ገና! ከጠዋት ጀምሮ ገና! ሌላ ቃል አላስተማሩህም?»

የዳዲ ደም ፈላ። ስንት ቀን ሙሉ በዚህ ቧንቧ ተሰድቧል፣ ተለምኗል፣ ተሹፎበታል። ጎንበስ አለና የላይኛውን ጆንያ በሁለት እጁ ጨመደደ።

«ይኸው! ይከፈት! ይሰንጠቅና ሁላችንም እንገላገል!»

«ቱሪ፣ ያ ዳዲ! ቆይ!» ከምድጃው ጥግ የተነሡት ጋሼ ኢቲቻ በደህናው እጃቸው የእጁን አንጓ ያዙት። ሌላኛው ክንዳቸው እስከ ክርናቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ነው። «ማታ ከዚህ ቧንቧ ጎን የምቆመው ማን ነው? አንተ ቤትህ ትገባለህ። አቶ ነገራም ድግሱ ላይ ናቸው። እኔ ነኝ እዚህ የማመሸው።»

ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞር አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ከቸኮሉ ግድ የለም ጌታዬ፣ ይክፈተው። እሳቱን ግን እርስዎ ያንድዱልኝ።»

አቶ ነገራ ፋሻውን አዩት። «ለእኔስ ማን ያዝንልኛል?» ብለው ራሳቸውን በኮታቸው ሸፍነው ወደ ዝናቡ ወጡ።

ዳዲ ጆንያውን ወደ ቦታው መልሶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሊላቸው የሚገባውን ነገር ያውቃል፤ ይቅርታ የሚባል ነው። እሱ ግን የጆንያውን ጠርዝ መወተፍ ያዘ። ጋሼ ኢቲቻም አልጠበቁትም፤ ቁጭ ብለው በአንድ እጃቸው ማገዶ ይለቅሙ ጀመር።

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ አመዱ በረደ። ዳዲ ቧንቧውን ጠርጎ ብየዳው ላይ ላምባ ቀባ፤ ቆይቶ በጨርቅ ወለወለውና የጠመኔ ዱቄት ነሰነሰበት። ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ላምባ መልሶ ይተፋና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ትንፋሹን ውጦ ጠበቀ። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

አልተደሰተም። ባለፈውም ላይ ላዩን አምሮ ነበር።

እሳቱ ተያይዞ ቦይለሩ ማጉረምረም ሲጀምር የእንፋሎቱን መክፈቻ ቫልቭ ጨበጠ። «እርስዎ ውጭ ይሁኑ ጋሼ። እኔ እከፍተዋለሁ።»

«ማገዶውንስ ማን ይጨምራል?» አሉ ጋሼ ኢቲቻ። አንድ ጉማጅ እሳቱ ውስጥ ወረወሩና መጥተው ከጎኑ ቆሙ።

ዳዲ ጥቂት ከፈተ። ቧንቧው አቃሰተ። ጥቂት ጨመረ። እንፋሎቱ እየተንፏቀቀ አለፈ፤ ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ መዞር ጀመረ። ወለሉ ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጣል።

ከውጭ ብዙ ሰው «በራ! በራ!» ብሎ ጮኸ። በራቸው ላይ ያለው አምፖልም ደመቀ። ሁለቱ ግን ዞር ብለው አላዩትም፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ዓይናቸውን ከነጩ ጠመኔ ላይ አላነሱም።