ሃያ ሁለት ፖስታ

ትርሲት ዕድሜዋን ሙሉ ተማሪዎቿን «ዋና ሐሳቡን አውጡ» ስትል የኖረች መምህርት ናት። ደብዳቤ ሁሉ በማሽን ተቆርጦ ዋና ሐሳቡ ብቻ እንዲደርስ ከተደነገገ ወዲህ ግን ቃሉ ያንገሸግሻታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከአባቷ የደረሳት «ደህና ነኝ» ብቻ ነው።

ዛሬ ፖስተኛው ሃያ ሁለት ፖስታ ዘረገፈላት።

«ቲቸር፣ አባትሽን ምን ነካቸው?»

በእያንዳንዱ ፖስታ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ። «ግራ ዓይኔ ጠፋ።» «የጓሮው ኮክ አፈራ።» «የእናትሽን ነጠላ ለማንም አልሰጠሁም።»

ስለ ዓይኑ አለቀሰች። ከዚያ ግን «እስቲ ማሽኑ ከዚህ ላይ ምኑን ይቆርጣል!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከደብተሯ ሉክ እየገነጠለች ፖስተኛውን ቀና ብላ አየችው።

«ነገ ጆንያ ይዘህ ና። የሦስት ዓመት ዝርዝር አለኝ።»