ቴፑ የሰማው

ያለምወርቅ ካሴቱን ወደ ኋላ ታጠነጥናለች። ልጆቹ ለምሳ ወጥተዋል። ከጭድ ተራ የሚነሳው ብናኝ በመስኮቱ ይገባና ፀሐዩ ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል። የአውቶቡስ ተራ ጡሩምባ እዚህ እስኪደርስ ለስልሷል። አገሩ ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለው ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ መምህራኑ ፊት ቆማ ተግባራዊ ምርምሯን ታቀርባለች። ርዕሱ ተነቦ አያልቅም፤ ነገሩ ግን አጭር ነው፦ የሁለተኛ ክፍል ልጆች የገዛ ንባባቸውን በቴፕ ቢሰሙ ይሻሻሉ ይሆን? ተሻሽለዋል እንጂ! መስከረም ላይ ኮረኮንች ላይ እንደወጣ ጋሪ ይንገጫገጭ የነበረው ሙደሲር ዛሬ ሲያነብ ይንቆረቆራል። ሎዛም፣ ኪያም እንደዚያው።

ቴፑን ለማግኘት ያየችውን አበሳ እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ዳይሬክተሩ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ዕቃ የሚገዛው ሊቀመጥ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ቴፑ ቢሯቸው ውስጥ ፕላስቲኩ ሳይገፈፍ፣ ባለቤታቸው የሠሩትን ዳንቴል ለብሶ፣ ሙሽራ መስሎ ነበር የሚኖረው። ደጅ ጠንታ ጠንታ ነው የሰጧት፤ ያውም «ውጤት ካላየሁ ወደ ቦታው ይመለሳል» ብለው።

አንዲት ልጅ ብቻ አስቸግራታለች፤ ጫልቱ። ከገጠር እንደመጣች ሰሞን ስታነብ «ፀሐይ» የሚለው ቃል ላይ ክፍሉ በአነጋገሯ ሳቀባት። ያን ቀን አፏን ዘጋች፤ እንደዘጋች ቀረች። ተራዋ ሲደርስ ተነስታ ትቆማለች፣ ቴፑ ይሽከረከራል፣ ትቀመጣለች። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ወደ አንደኛ ክፍል ትመለስ ብለዋል። ያለምወርቅ አንጀቷ እሺ አላለም። ግን በምን ትከራከራቸው? የልጅቷ ካሴት ላይ ያለው ዝምታ ነው።

እስቲ የሙደሲርን ልስማ ትልና ትጫነዋለች፤ ስብሰባው ላይ የምታሰማው እሱን ነው።

«ወንዙ ሞላ» ይላል ሙደሲር። «ፍየሏ ማዶ...»

እዚህ ላይ ምላሱን ያዘው። ይህ ቴፕ ደግሞ ክፍሉ ዝም ሲል ጆሮውን የሚያቆም ዓይነት ነው፤ የሩቁንም የቅርቡንም ይለቅማል። ከውጭ አንድ ተሸካሚ «ገለል በሉ!» ይላል፤ የራጉኤል ደወል ይሰማል። ከዚያ አንዲት ቀጭን ትንፋሽ መጣች፦ «ቀረች።»

«ቀረች!» አለ ሙደሲር ጮክ ብሎ፤ ከራሱ እንዳገኘው ሁሉ።

ያለምወርቅ አጥፍታ ወደ ኋላ መለሰችው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍታ ጆሮዋን ለጠፈች። አለች፤ ትንፋሿ አለች። የሌሎቹንም ካሴት እየቀያየረች ሰማች፤ ሎዛ ስትደናቀፍ አለች። ኪያ ሲያዝ አለች። ከሁሉም አንድ ቃል ቀድማ ትሄዳለች፤ አነጋገሩ ያው ክፍሉ የሳቀበት አነጋገር ነው። ሶኬቱ ከጫልቱ ዴስክ አጠገብ ስለሆነ ቴፑ የሚቀመጠውም፣ ልጆቹ መጥተው የሚያነቡትም እሷ ፊት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ለካ ካሴትም የእነሱ ወገን ኖሯል!

ያለምወርቅ ደነገጠች። ያ ሁሉ የተመካችበት ውጤት ገደል ገባ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ለራሷም እየገረማት፣ ደስ አላት።

ጫልቱ እንደ ወትሮዋ ደጃፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ዳቦዋን ትገምጣለች።

«ጫልቱዬ፣ ነይ እስቲ።»

ልጅቷ መጥታ ካሴቱን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። «ሁለተኛ አላሾከሹክም ቲቸር።»

«ለምንድነው የምትነግሪያቸው?»

«እንዳይሳቅባቸው።»

ያለምወርቅ ካሴቱን አቆመችና ቀና አለች። በሩ ላይ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ቆመዋል፤ ዳንቴሉን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው መጥተዋል።

«እህስ ያለምወርቅ፣ ሰዓቱ ደረሰ እኮ! ሠራ ወይስ ልውሰደው?»

ሠራ ብትል ማን ያውቅባታል? ያችን ትንፋሽ ከእሷ በቀር የሰማ የለም።

«አልሠራም ጋሼ» አለች። «ልጆቹን ያስነበበቻቸው እሷ ናት።»

«ማ? ይቺ? ይቺ መቼ አፍ አላትና!»

«ትንሽ ይታገሱኝና ይስሙ። ብቻ እንዳያዩአት፤ ወደ መስኮቱ ይዙሩልኝ።»

«እኔ? እኔ ልዙር?»

«እኔም እዞራለሁ።»

የጫልቱን ካሴት ከትታ መቅጃውን ተጫነች፤ መጽሐፉን ጫልቱ ፊት ገለጠችላት። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እንደተቀጡ ተማሪዎች፣ መስኮቱ ሥር ቆሙ። ብናኙ ይንሳፈፋል። ካሴቱ ይዞራል። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ብለው ተዉት።

«ወንዙ ሞላ» አለች ትንፋሿ።

ያለምወርቅ እንዳትዞር የመስኮቱን ብረት ጨበጠች።

«ፍየሏ ማዶ ቀረች።» አሁን ድምፅ ሆነ፤ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደቆየ በር። «ዝናቡ አባራ።»

ከዚያ ጭጭ አለች። ያለምወርቅ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ታውቀዋለች፤ ያ የተሳቀበት ቃል ነው። ልትነግራት ከንፈሯን አላቀቀች፤ እንባዋ ቀደመ።

አጠገቧ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ወደ ኋላ ወደ ጫልቱ ዘንበል አሉ።

«ፀሐይ» ብለው አሾከሾኩ።