የሚስተር ጋኞን ግድግዳ

ኮሪን ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ፕላስተር በመቀስ ቆርጣ በአንዱ ልጅ ክንድ ላይ ለጠፈችና የክፍሉን መብራት አጠፋች። የእጅ ባትሪዋን ስታበራበት ክንዱ ቦግ አለ። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ተንጫጩ።

«አያችሁ? በሃሎዊን ምሽት ለከረሜላ ቤት ለቤት ስትዞሩ ይሄን ልብሳችሁ ላይ ከለጠፋችሁ ሹፌር ከሩቅ ያያችኋል። ማንም አይገጫችሁም።»

የመጨረሻዋን ነገር ማንም በይ አላላትም፤ ከራሷ የጨመረቻት ናት።

«ወንድሜ ለጥፎ ነበር» አለች ከኋላ የተቀመጠች ልጅ። ልታሳፍራት አልነበረም፤ እንዲሁ ስታስረዳ ነው። «እዚህም፣ እዚህም» ብላ ደረቷንና ትከሻዋን አሳየች።

ኮሪን ለከተማዋ እንግዳ ናት። በጎ ፈቃደኛ የኮሌጅ ተማሪዎችን ስለ ሃሎዊን ጥንቃቄ እንዲያስተምሩ በሚኒባስ ጭነው በየትምህርት ቤቱ ሲያዳርሱ ለእሷ የደረሳት ይህ የወረቀት ፋብሪካ ከተማ ነው። ወደ መምህርቷ ወደ ሚስስ ሲር ዞር ብትል፣ ሴትየዋ መስኮቱ ሥር ቆማ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ኖርማንን ነው የምትለው» አለ ክንዱ ላይ የተለጠፈለት ልጅ፣ ሊያግዛት ፈልጎ። «የአዴል ወንድም። አምና በሃሎዊን ሚስተር ጋኞን በመኪና ገጭቶ ገደለው። ዝናብ ነበር።»

«በጣም አዝናለሁ፣ አዴል» አለች ኮሪን። መብራቱን አበራችና ወደሚቀጥለው ነገር ሸሸች። «ሌላው ደግሞ፣ ለሃሎዊን በር ላይ የተቀመጠ የሰው ዱባ አንሰብርም፣ የሰው ቤት ላይ እንቁላል አንወረውርም። እሺ?»

«የጋኞንም ቤት ላይ?» አለ ልጁ።

«የማንም ቤት ላይ።»

«እሱ ጋ እኮ ሁሌም ነው የምንወረውረው፣ ሃሎዊን ባይሆንም። አባቴ አይቶን ሳቀ እንጂ ምንም አላለን።»

«ለኖርማን ብለን ነው» አለ ሌላው።

«ዝናብ ነበር አላላችሁም?» አለች ኮሪን።

«ቢሆንስ?»

«እማዬ ናት የምታጥበው» አለች አዴል።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ምኑን?»

«እንቁላሉን። ጠዋት ሥራ ሳትገባ ባልዲ ይዛ ትሄዳለች። አንዳንዴ እኔንም ትወስደኛለች። እሷ አታንኳኳም፣ እሱም አይከፍትም፤ መጋረጃው ብቻ ትንሽ ይነቃነቃል። ብርድ ሲሆን እንቁላሉ ግድግዳው ላይ ስለሚደርቅ በጥፍሯ ነው የምትፍቀው።»

«ለምንድነው የምታጥብለት?» አለ ልጁ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«እኔ እንጃ፣ አልነገረችኝም።»

ኮሪን ወደ ክፍሉ ሁሉ ዞረች። «ከእንግዲህ የማንም ቤት ላይ እንቁላል የማይወረውር እጁን ያውጣ።»

እጆች ሁሉ ወጡ። ጥርሱን የሚቦርሽ ማነው ሲባሉ እንደሚያወጡት ነው ያወጡት፣ ፈጥነው፣ ቀጥ አድርገው። በር አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ልጆች እጃቸውን እንደሰቀሉ ተያዩ፤ አንደኛው ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ። ኮሪን አየችው። አዴልም አየችው።

ደወል ተደወለና ልጆቹ ወደየጃኬታቸው ተሯሯጡ። አዴል ግን ወደ ኮሪን መጣች።

«ለሃሎዊን ቅዳሜ ማታ ትመጪያለሽ? የሚስተር ጋኞን በር ላይ ትልቅ ሰው ከቆመ ልጆቹ ይፈራሉ።»

«ቅዳሜ ሌላ ከተማ ነው የመደቡኝ፣ የኔ ቆንጆ።» እውነቷን ነው፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ሰበብ መሰለ። «ለሚስስ ሲር እነግራታለሁ። ለፖሊሶቹም እነግራቸዋለሁ።»

«ሁሉም ያውቃሉ እኮ።»

ኮሪን የተረፈውን ፕላስተር መጠቅለል ጀመረች። ልጅቷ፣ ሐዘን የደረሰባት ኮሪን የሆነች ይመስል፣ «ግዴለም» አለቻት።

ከዚያ ጃኬቷን ለብሳ ዚፑን ስትስበው መሀል ላይ ጨርቁን ነክሶ ቀረ። ውጭ ሚኒባሱ ጥሩንባ ነፋ። ኮሪን ተንበርክካ ወደ ታች ሳበችው፣ ወደ ላይ ሳበችው፤ አዴል አገጯን ቀና አድርጋ በትዕግሥት ቆመችላት። ሚኒባሱ ደግሞ ነፋ። ዚፑ ንቅንቅ አላለም።