በፈረስ የተሻገረ አውሮፕላን

«አብራሪው በሞተር ካናዳ ከገባ አምስት ዓመት ይታሰራል ነው የሚባለው» አሉ የጉድሩን ሽማግሌ ጎረቤት፣ ለሰባተኛ ጊዜ። አሜሪካ በአውሮፓው ጦርነት ገለልተኛ ነኝ ስላለች፣ ለእንግሊዝ የተሸጠ አውሮፕላን ድንበሩን በርሮ መሻገር አይችልም ነበር። በፈረስ መጎተትን ግን ሕጉ አልከለከለም። ጉድሩን ሁለቱን የእርሻ ፈረሶቿን አምጥታ፣ ገመዱን ጠዋት ድንበሩ አጠገብ በረዶ ላይ ካረፈው አውሮፕላን እግር ጋር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«እህቴ፣ ቀስ በይ» አለ አብራሪው። «አንድ ስህተት ከተገኘብኝ የማብረር ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«አንተ ብቻ ሞተሩን እንዳትነካ! የኔ ፈረሶች ሕግ ያውቃሉ» አለችና ልጓሙን ሳብ አደረገች። አውሮፕላኑ እንደ ሰከረ ሙሽራ እየተወዛወዘ በበረዶው ላይ ተንሸራተተ። የድንበሩ ሹም ድንበሩ እዚህ ነው ብለው በረዶው ላይ የተከሉትን ቀይ ጨርቅ አውሮፕላኑ ሲያልፍ፣ ማዶ የቆሙት የካናዳ ወታደሮች ባርኔጣቸውን ወረወሩ። ሹሙም ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። አብራሪው ፈረሶቹን ግንባራቸው ላይ ሳማቸው፤ ጉድሩንን ግን አልደፈረም።

ጉድሩንና ሽማግሌው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ፈረሶቹ ከተጠመዱበት ቦታ መቶ እርምጃ ወደ ደቡብ፣ ወደ አሜሪካው በኩል ዝቅ ብሎ ሽማግሌውን አንድ ነገር አደናቀፋቸው። ጉድሩን በረዶውን በጓንቷ ጠረገችው። የድንበሩ ድንጋይ ነበር። አብራሪው ጠዋት ያረፈው ካናዳ ላይ ነው።