አይብ በሁዳዴ

ስንዱ ከዓመቱ ሁሉ ሁዳዴን ነበር የምትወደው። ወተት ከቀመሰች ትንፋሽ የሚያጥራት ልጇ ማርዳ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጾም ያለ ስጋት ከየቤቱ ትቀምስ ነበር።

ዛሬ ግን ጎረቤታቸው እትዬ በለጡ ማርዳን ታቅፈው እየሮጡ መጡ። የልጅቷ ከንፈር አብጧል፤ ትንፋሽ አጥሯታል። ስንዱ ሐኪም ለዚሁ የሰጣትን መርፌ አንስታ ጭኗን ወጋቻት።

«ምን አበሏት?»

«ጎመን በአይብ ብቻ ነው፣ ልጄ!»

ስንዱ ክው አለች። «በሁዳዴ? አይብ?»

«በፋብሪካ ጋን ውስጥ የሚሠራው ወተት አይብ ነዋ! ከላም አልወጣ፤ ዘንድሮ ለጾም ተፈቅዶ የለ? ሰፈሩ ሁሉ ይበላው የለ?»

ስንዱ አሁን ገባት። ላሟ ቀረች እንጂ ወተቱስ ያው ወተት ነው።

ማርዳ ትንፋሿ መለስ ሲልላት ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«እማዬ፣ ሁዳዴ ቀረ እንዴ?»