የኋላው ፍሬን

ወንድሙ የሞተበትን አሮጌ ሞተር ሳይክል ግቢያቸው ውስጥ ይጠግናል። የተጣመመውን ፊት አቃንቶ፣ ካንዴላውን ቀይሮ፣ አሁን ካርቡራተሩን እያስተካከለ ነው። ሞተሩ ጥቂት ይሠራና እየሳለ ይጠፋል።

«ኧረ ጎረቤት፣ ሽሮፕ ስጠው!» አሉ ጋሽ ደምሳሽ ከአጥር ማዶ።

አልሳቀም። ያልነካው የኋላውን ፍሬን ብቻ ነው። ሞተሩ ሌላ የሚሠራ ፍሬን አልነበረውም። ወንድሙ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ያንን ፍሬን የገጠመለት እሱ ራሱ ነው።

«ልጄ፣ በቃ ተወው» አለችው እናቱ። «እሱ እንደሆነ አይመለስ።»

«ፍሬኑ ከድቶት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ፣ እማዬ።»

«ባታውቀውስ ምን ይቀርብሃል?»

«እኔን አምኖ እኮ ነው የሄደው።»

ሞተሩ ሳያቋርጥ መምታት ሲጀምር ወንድሙ ወደ ሞተበት ቁልቁለት ወሰደው። ከአናቱ ለቀቀውና ወንድሙ ገደል የገባበት ጠመዝማዛ ጋ ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው ጮኸና ቀጥ ብሎ ቆመ። ተመልሶ ወጥቶ ደገመው፤ አሁንም ያዘ።

ወርዶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። ጎማው አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ትቷል። ወንድሙ በሞተ ዕለት እዚህ ቦታ ምንም መስመር አልነበረም። ፍሬኑን አልረገጠውም ማለት ነው።

እናቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ያዘ?» አለችው።

«አልያዘም፣ እማዬ» አላት። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»