መጥረጊያው ሲቆም

ሰማዩ ጠርቷል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የመኪናው ዝናብ መጥረጊያ ግን ደረቁን መስታወት ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ይጠርጋል። ኤሌክትሪሽያኑ ፊውዙን ነቀለ፤ ባትሪውንም ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። መጥረጊያው ወይ መቆም!

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ» አለች ጥቁር የለበሰችው ሴት። «ያን ቀን በዶፉ መሀል መጥረጊያው ቆመበት። ደውሎ ‹እጄን በመስኮት አውጥቼ በእጅጌዬ እየጠረግኩ ነው፤ መጣሁ› አለኝ። በዚያው ቀረ። እባክህ አቁምልኝ፤ ጨርቄን ልጥል ነው።»

ኤሌክትሪሽያኑ በስተመጨረሻ የመጥረጊያውን ሞተር ራሱን ነቅሎ አወጣው። መጥረጊያው ቀጥ አለ።

«እፎይ!» አለ ላቡን እየጠረገ።

ሴትዮዋ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሰው በሌለበት መኪና፣ በሾፌሩ በኩል ያለው መስኮት፣ ክንድ እስኪያሾልክ ድረስ፣ ቀስ እያለ ወረደ።